የባንኩ በር ተከፍቷል፤ ትንሹ ነጋዴ ግን ገና ደጅ ነው

ረመዳን በገባ ቁጥር ከዐስር ሶላት እስከ መግሪብ ባሉት ሰዓታት በየመስጊዱ ዙሪያ የሚደራውን ገበያ የማያውቅ ሙስሊም ቤተሰብ የለም። ሳምቡሳ የሚጠብሱ እናቶች፣ ቴምር በኪሎ የሚመዝኑ ወጣቶች፣ የሾርባ እህል ከክተው የሚያቀርቡ ሴቶች፣ ለዒድ የሚለበሰውን ጀለቢያና ሂጃብ ሌሊት ሳይቀር የሚሰፉ ልብስ ሰፊዎች፣ የአፍጥር ማዕዳችንንም የበዓል ልብሳችንንም የሚያሟሉልን እነርሱ ናቸው። ለብዙዎቹ ይህ ወር ከሌሎቹ ወራት የተሻለ ገቢ የሚገኝበት ነው።

ወሩ ሲያልፍ ግን የሚገጥማቸው ጥያቄ ከዓመት ዓመት አንድ ነው። ሥራውን ለማስፋት የሚሆን ገንዘብ ከየት ይምጣ? ከዘመድ ካልተገኘ የሚቀረው የባንክ ብድር ነው፤ ብድሩ ደግሞ ወለድ አለበት። ወለድን ሃይማኖቱ የከለከለው ነጋዴ ሁለት ምርጫ ብቻ ይኖረዋል። ወይ ኅሊናውን እየቆጠቆጠው ይበደራል፣ ወይ ባለችው ጥሪት ተወስኖ ባለበት ይቀራል። አብዛኛው ሁለተኛውን መርጦ ኖሯል።

ይህ ችግር ተፈቷል የሚል አስተሳሰብ ባለፉት ዓመታት ተስፋፍቷል። ከወለድ ነፃ ባንኮች ተቋቁመዋል፤ በየባንኩም ለዚሁ አገልግሎት የተለዩ መስኮቶች ተከፍተዋል። እኛ ግን መልሱ ግማሽ ብቻ ነው እንላለን። ገንዘባችንን ያለ ወለድ የምናስቀምጥበት ቦታ በበቂ ሁኔታ ተገኝቷል። ከዚያ ገንዘብ ትንሹ ነጋዴ ተካፋይ የሚሆንበት መንገድ ግን ገና አልተጠረገም። ይህን መንገድ ለማስጠረግ ደግሞ ትልቅ አቅም ያለው አስቀማጩ፣ ማለትም ቤተሰቡ ነው።

ንግድና ሙስሊሙ

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 33.9 በመቶው ሙስሊም ነው። ከሦስት ሰው አንዱ ማለት ነው። በብዙ የሰሜንና የመሐል አገር አካባቢዎች ግን ሙስሊሙ በቁጥር አናሳ ሆኖ የኖረ ሲሆን፣ በቀድሞው ሥርዓት በእነዚህ አካባቢዎች የርስት ባለቤት እንዳይሆን ይደረግ ነበር። መሬት ያጣ ሰው በእጁና በእግሩ ማደር ነበረበትና ሽመናና ንግድ መተዳደሪያው ሆኑ። የሲራራ ነጋዴው፣ ሸማኔው፣ ቆዳ ነጋዴው በየአካባቢው ሙስሊም የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በሚያዝያ 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባይ የወጣው ሰፊ የሙስሊሞች ሰልፍም በእምነት እኩልነት ብቻ የተወሰነ አልነበረም። የዜግነት ድርሻ ጥያቄም ነበር።

የመሬት ጥያቄው ከአብዮቱ በኋላ መልኩን ቀየረ። የገንዘብ አቅርቦቱ ጥያቄ ግን እንዳለ ቀጠለ። መርካቶም ይሁን ደሴ፣ ጅማም ይሁን ድሬዳዋ፣ ትንሹ ነጋዴ ሲሠራበት የኖረው መሣሪያ ዱቤና እቁብ ነው። ሁለቱም ወለድ የለባቸውም፤ ሁለቱም በመተማመን ላይ የቆሙ ናቸው። ነገር ግን ሁለቱም ወሰን አላቸው። ዱቤ የሚሰጠው አከፋፋይ ዋጋውንም ጊዜውንም እንደፈለገ ይወስናል። እቁብ ደግሞ ዕጣው እስኪወጣ ያስጠብቃል፤ ከአባላቱ ኪስ በላይም አይሄድም።

ከ2004 ወዲህ የተኬደው መንገድ

በ2000 ዓ.ም. የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ብሔራዊ ባንክ ከወለድ ነፃ አገልግሎትን በመመሪያ እንዲመራ ፈቀደ። መመሪያው የወጣው በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ነበር። ነገር ግን ነባር ባንኮች በመስኮት ደረጃ እንዲሰጡት እንጂ፣ ራሱን የቻለ ከወለድ ነፃ ባንክ እንዲቋቋም አልፈቀደም። በዚያን ጊዜ አክሲዮን ሸጦ በምሥረታ ላይ የነበረው ዘምዘም ባንክ ሥራ ሳይጀምር ቆመ። ቆይቶም ንግድ ባንክን ጨምሮ ሌሎች ባንኮች መስኮቶቻቸውን ከፈቱ። ዛሬ ኑር፣ ኢኽላስ፣ ሸሪክ እየተባሉ የሚጠሩት አገልግሎቶች የዚያ ውጤት ናቸው።

በ2011 ዓ.ም. ፖሊሲው ተለወጠና ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ ማቋቋም ተፈቀደ። ዘምዘም በሰኔ 2013 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሆኖ በሩን ከፈተ። ሂጅራ፣ ሸበሌና ራሚስ ባንኮችም ተከተሉ። ከእነዚህ ውስጥ ሸበሌ ባንክ ከሶማሌ ማይክሮ ፋይናንስ ተቋም ያደገ ነው፤ ከአነስተኛ ተበዳሪ ጋር መሥራትን ከጅምሩ የሚያውቅ ተቋም ወደ ባንክነት ሊያድግ እንደሚችል ያሳያል።

ይህ ለውጥ ትልቅ ነው። ለዓመታት ገንዘቡን በቤቱ ይደብቅ የነበረ፣ ወይም ወለዱን ትቶ ዋናውን ብቻ ያወጣ የነበረ ሕዝብ አማራጭ አግኝቷል። ተቀማጩም በፍጥነት አድጓል። ሆኖም በብዙ ባንኮች ከወለድ ነፃ አገልግሎት የሚሰበሰበው ገንዘብ በዚያው አገልግሎት ለሥራ ከሚለቀቀው በእጅጉ እንደሚበልጥ ሲነገር ቆይቷል። የሚለቀቀውም ቢሆን ወደ ትልልቅ አስመጪዎች፣ ላኪዎችና ሕንፃ ገንቢዎች ያዘነብላል። የጉልት ነጋዴዋ በደብተሯ ያስቀመጠችው ገንዘብ ለእርሷ ሳይሆን ከእርሷ በብዙ እጥፍ ለሚበልጥ ነጋዴ ይሠራል ማለት ነው።

በሩ ለምን ጠበበ?

ከወለድ ነፃ ባንኮች በብዛት የሚሠሩት በሙራበሃ ውል ነው። አሠራሩን በምሳሌ እንመልከት። አንዲት ልብስ ሰፊ ሦስት የስፌት መኪና ያስፈልጋታል እንበል። ባንኩ ገንዘብ አያበድራትም። መኪኖቹን ራሱ በ150 ሺህ ብር ገዝቶ የራሱ ያደርጋቸዋል፤ ከዚያም ትርፉን ግልጽ አድርጎ በ180 ሺህ ብር ይሸጥላታል። እርሷም በየወሩ 10 ሺህ ብር እየከፈለች በ18 ወር ትጨርሳለች። ክፍያው ቢዘገይ እንኳ ዋጋው አይጨምርም፤ የመዘግየት ቅጣት ቢኖር ባንኩ እንደ ትርፍ ሊወስደው አይችልም፣ ለበጎ አድራጎት ይውላል። የዱቤ ሽያጭን ለሚያውቅ የመርካቶ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ችግሩ የሚጀምረው ከወረቀቱ ነው። መጀመሪያ መያዣ ይጠየቃል፤ በአብዛኛው ቤት ወይም መኪና። የኪራይ ቤት ውስጥ የምትሰፋ ሴት ይህ የላትም። ቀጥሎ ዕቃውን የሚሸጠው ድርጅት ፕሮፎርማ እንዲያቀርብ፣ የንግድ ፈቃድና ደረሰኝ እንዲኖረው ይፈለጋል። ለስፌት መኪናው ይህ ይገኝ ይሆናል። ከሃላባ ገበሬ እጅ በርበሬ ገዝቶ ወደ ከተማ የሚያመጣው ወጣት ግን ከገበሬው ፕሮፎርማ ከየት ያምጣ? የሳምቡሳ ሻጯስ ዱቄትና ምስሩን ከጉልት ስትገዛ ማን ደረሰኝ ይሰጣታል? የተዘጋጀው ውል የመደብር ንግድን እንጂ የገበያ ቀንን ንግድ አያውቅም።

ለእነዚህ የሚስማሙ ውሎች በፊቅህ መጻሕፍት ውስጥ ከጥንት አሉ። ሰለም ዋጋውን አስቀድሞ ከፍሎ ምርቱን በቀጠሮ መረከብ ነው፤ ለገበሬና ለእህል ነጋዴ ይመቻል። ሙዳረባ አንዱ ገንዘቡን፣ ሌላው ጉልበቱንና ሙያውን ይዞ ትርፉን በስምምነት የሚካፈሉበት ነው፤ መያዣ የሌለው ባለሙያ ወደ ንግድ የሚገባበት መንገድ ይህ ነበር። ባንኮች ሙዳረባን የሚፈሩት ነጋዴው የሚያስመዘግበውን ትርፍ ማመን ስለሚከብዳቸው ነው። ሒሳብ የማይይዝ ነጋዴ ምን ያህል እንዳተረፈ በማስረጃ ማሳየት አይችልምና ፍርሃቱ መሠረት አለው።

የባንኮቹ ወገን

ፍትሐዊ ለመሆን ባንኮቹ የሚያነሷቸውን ምክንያቶችም መስማት ይገባል። አንደኛ፣ ብዙው ከወለድ ነፃ ተቀማጭ በማናቸውም ጊዜ ሊወጣ የሚችል አደራ ነው። ነገ ሊጠየቅ የሚችልን ገንዘብ ለሁለትና ለሦስት ዓመት ማሰር አደጋ አለው። ሁለተኛ፣ መቶ ትንንሽ ደንበኞችን መከታተል አንድ ትልቅ ደንበኛን ከመከታተል ብዙ ሠራተኛና ወጪ ይጠይቃል። ሦስተኛ፣ ብሔራዊ ባንክ የዋጋ ንረትን ለመግታት ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ገድቦ ነበር። ጣሪያው ቆይቶ ከፍ ቢልም፣ የሚለቀቅ ገንዘብ ሲጠብ ባንክ ቅድሚያ የሚሰጠው ለነባሩና ለትልቁ ደንበኛው ነው። ትንሹ እንደገና ከሰልፉ መጨረሻ ይቆማል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ገበያው በፍጥነት እየተለወጠ ባለበት ጊዜ ነው። በ2016 ዓ.ም. የአስመጪነት፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብቶች ክፍት ሆኗል። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ጨምሯል። ትናንት በ100 ሺህ ብር ሱቁን ይሞላ የነበረ ነጋዴ ዛሬ በዚያው ገንዘብ የሚገዛው ዕቃ ያነሰ ነው። አዲስ ገንዘብ ካላገኘ ሳይከስር ይቀንሳል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ይዘጋል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሳው ቃጠሎ ደግሞ ሌላውን ክፍተት አሳይቷል። የብዙ ዓመት ጥሪት በአንድ ሌሊት ሲወድም፣ የሚተካ ዋስትና የሌለው ነጋዴ የሚጠብቀው የወገኑን እጅ ብቻ ነው። ከወለድና ከቁማር ነፃ የሆነው የመድን ዓይነት፣ ተካፉል፣ በአገራችን የሕግ መሠረት ቢኖረውም በየተራው ገና አልታወቀም።

ሌሎች ምን ሠሩ?

ዘመናዊው ከወለድ ነፃ ባንክ ሲጀመር የትልልቆች አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1963 በግብፅ ሚት ጋምር በምትባል የአባይ ዳርቻ ከተማ አህመድ አል-ነጃር ያቋቋሙት የቁጠባ ባንክ ደንበኞቹ ገበሬዎችና አነስተኛ ባለሙያዎች ነበሩ። ዕድሜው ቢያጥርም፣ ድሃ ይቆጥባል፣ ተበድሮም ይከፍላል የሚለውን በተግባር አሳይቶ አልፏል።

በፓኪስታን ላሆር ደግሞ ዶክተር አምጀድ ሳቂብ እ.ኤ.አ. በ2001 አኹወት የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። ሥራው የተጀመረው ለአንዲት ባሏ ለሞተባት ሴት በተሰጠ የ10 ሺህ ሩፒ ቀርድ ሐሰን፣ ማለትም ምንም ጭማሪ በማይጠየቅበት ብድር ነበር። ገንዘቡ የሚከፋፈለው በመስጊድ ውስጥ በሰው ፊት ነው። ይህም የቢሮ ወጪን ይቀንሳል፤ ተበዳሪውንም በጎረቤቶቹ ፊት ቃል ያስገባዋል። መያዣው ቤት ሳይሆን የሚያውቁት ሰዎች ምስክርነት ነው። ተበዳሪ የነበሩ ብዙዎች ኑሯቸው ሲቃና ራሳቸው ለጋሽ ሆነዋል። ድርጅቱ ሙስሊም ያልሆኑትንም ያገለግላል። ለዚህ ሥራ ዶክተር ሳቂብ እ.ኤ.አ. በ2021 የራሞን ማግሳይሳይ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

ሙስሊሞች በቁጥር አናሳ በሆኑባት ብሪታንያም የሚጠቀስ ነገር አለ። በሙራበሃ ቤት ሲገዛ መጀመሪያ ለባንኩ፣ ቀጥሎ ለደንበኛው ሁለት ሽያጭ ስለሚፈጸም የቴምብር ቀረጥ ሁለት ጊዜ ይከፈል ነበር። ማኅበረሰቡ ባቀረበው ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የፋይናንስ ሕግ ይህን ድርብ ክፍያ አስቀረ። ልዩ ጥቅም አልነበረም የተጠየቀው፤ ሌላው ዜጋ አንድ ጊዜ የሚከፍለውን እነርሱም አንድ ጊዜ ይክፈሉ የሚል ነበር።

ምን እንጠይቅ?

ከዚህ በመነሳት ለትንሹ ነጋዴ መሟገት ማለት ምን እንደሆነ በግልጽ ማስቀመጥ ይቻላል። የመጀመሪያው ጥያቄ ለባንኮቹ ነው። ከወለድ ነፃ ከሰበሰባችሁት ገንዘብ ለአነስተኛና ጥቃቅን ነጋዴ የደረሰው ስንት ነው? ይህን በዓመታዊ ሪፖርታችሁ ለይታችሁ አሳዩን። በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች የእነዚህ ባንኮች ባለአክሲዮን ናቸው። ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ ስለ ትርፍ ድርሻ ብቻ ጠይቆ መመለስ አይበቃም።

ሁለተኛው ስለ መያዣ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 የሚንቀሳቀስ ንብረት፣ ከማሽን እስከ ከብትና የሱቅ ዕቃ፣ ለዋስትና እንዲውል ፈቅዷል። ልብስ ሰፊዋ የምትገዛቸው መኪኖች ራሳቸው መያዣ ሊሆኑ ይችላሉ ማለት ነው። የዓመታት የእቁብ ታሪክም እንደ ማስረጃ ሊቆጠር ይገባል። አሥር ዓመት እቁቡን ሳያዛንፍ የጣለ ሰው ከፋይ መሆኑን ሰብሳቢውና አባላቱ ይመሰክሩለታል። ለአንድ ነጋዴ ከዚህ የበለጠ የታማኝነት ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል።

ሦስተኛው ለመንግሥት የሚቀርብ ነው። ባንኩ ገዝቶ መልሶ በሚሸጥበት ውል ግብርና የስም ማዛወሪያ ክፍያ በምንም መልኩ እንዳይደራረብ ሕጉም አሠራሩም ግልጽ ይሁን። ለወጣቶችና ለሴቶች ተብሎ የሚመደበው ተዘዋዋሪ ገንዘብም ከወለድ ነፃ አማራጭ በየወረዳው ይኑረው። ያለዚያ ሙስሊሟ ወጣት በስም ተፈቅዶላት በተግባር ተከልክላ ትቀራለች። በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት ያገኘው የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት እነዚህን ጥያቄዎች በተደራጀ መልኩ ለማቅረብ የተሻለ ቦታ ላይ ይገኛል።

ይህ ጥያቄ ከጎረቤት የሚነጥቀው ነገር የለም። ከወለድ ነፃ አገልግሎት ለማንም ክፍት ነው፤ መያዣ ያጣችው የክርስቲያን ልብስ ሰፊም በዚያው በር ትገባለች። በአንድ ተራ ጎን ለጎን የሚነግዱ ሰዎች በአንድ እቁብ ሲጣጣሉ ኖረዋልና ይህ ለማንም አዲስ አይሆንም።

ከቤት የሚጀምረው

ባንክ እስኪለወጥ የሚጠብቁ ነገሮች አሉ፤ የማይጠብቁም አሉ። ከማይጠብቁት አንዱ ዘካ ነው። ብዙ ቤተሰብ ዓመታዊ ዘካውን የሚያወጣው በረመዳን ነው። ከ85 ግራም ወርቅ ዋጋ የሚደርስ ገንዘብ ወይም የንግድ ዕቃ ዓመት የሞላው ሰው 2.5 በመቶውን ያወጣል። ይህን ለሃያ ሰው በትንሽ በትንሹ መበተን የተለመደ ነው። ነገር ግን ከሻፊዒ መዝሀብ ታላላቅ ሊቃውንት አንዱ የሆኑት ኢማም ነወዊ፣ ባለሙያ የሆነ ድሃ የሙያውን መሣሪያ የሚገዛበት፣ ነጋዴ የሆነውም የሚነግድበት ጥሪት እንዲሰጠው ጽፈዋል። ዓላማው በሚቀጥለው ዓመት ዘካ ተቀባይ እንዳይሆን ነው። ሦስት አራት ወንድማማቾች ዘካቸውን ቢያስተባብሩ ለአንዲት የቲሞች አሳዳጊ እናት የስፌት መኪና መግዛት ይችላሉ።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መጠበቅ አለበት። ዘካ ለድሃው የሚሰጥ፣ ንብረቱም የሚሆን እንጂ የሚመለስ ብድር አይደለም። ተመላሽ ሆኖ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዲዞር የሚፈለገው ገንዘብ ከሰደቃ ወይም በቀርድ ሐሰን ስም ከሚዋጣ ገንዘብ ቢሆን ይመረጣል። ዘካተል ፊጥርም የራሱ መጠንና ጊዜ ያለው የምግብ ግዴታ ስለሆነ ከዚህ ጋር አይቀላቀልም። ዝርዝሩን የሰፈሩን ኡስታዝ ወይም ሼህ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በመስጊድ ጀመዓ ደረጃ የቀርድ ሐሰን ሳጥን ማቋቋምም የሚከብድ አይደለም። የሚያስፈልገው ሦስት የታመኑ ሰዎች፣ አንድ መዝገብ፣ ለሁሉም የሚታይ የወር ሒሳብና በባንክ የተከፈተ የጋራ ሒሳብ ነው። በሱረቱል በቀራ ስለ ዕዳ መጻፍና ስለ ምስክር የታዘዘው ሰፊ ትእዛዝ ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ነው። በስልክ ተነጋግሮ፣ በእምነት ብቻ ተሰጥቶ፣ ቆይቶ በጠብ የሚያልቅ ብድር ብዙ ዝምድና አፍርሷል። መጻፍ አለመተማመን አይደለም። በችግር የዘገየን ባለዕዳ መታገሥ በዚያው ሱራ የተመከረ ሲሆን፣ እያለው የሚያጓትት ግን ተበዳሪውን ብቻ ሳይሆን ከኋላው ተራ የሚጠብቀውንም ይጎዳል።

ነጋዴዎቻችንም የድርሻቸው አለ። በየቀኑ የገባና የወጣውን በደብተር መያዝ፣ የቤት ወጪንና የሱቅ ገንዘብን መለየት፣ ሽያጩን በባንክ ሒሳብ ማሳለፍ ዛሬ ቢከብድም ነገ ለሙዳረባም ለሙራበሃም የሚቀርበው ማስረጃ ይህ ነው። ማንበብና መጻፍ የሚችሉ ልጆች እናታቸው የሳምቡሳ ሥራዋን ስትጨርስ አሥር ደቂቃ አብረዋት ተቀምጠው የቀኑን ሒሳብ ቢጽፉላት፣ እስከ ዒድ ድረስ የአንድ ወር ሙሉ መዝገብ ይኖራታል።

ገዢ ስንሆንም እንደዚሁ ነው። ለዒድ ልብስ ስንገዛ ከውጭ የገባውን ብቻ ሳይሆን የሰፈራችንን ልብስ ሰፊ እንጠይቅ። ከትንሹ ነጋዴ ላይ አምስት ብር ለማስቀነስ ግማሽ ሰዓት የምንከራከር ሰዎች በትልቁ መደብር የተለጠፈውን ዋጋ ዝም ብለን እንደምንከፍል ልብ እንበል። በዱቤ የወሰድነው ካለ ወሩ ሳያልቅ እንክፈል። ለእርሷ ያ ገንዘብ የሸዋል ወር መነሻዋ ነው።

በዚህ ሳምንት ወደ ባንክ የሚሄድ የቤተሰብ አባል አንድ ጥያቄ ይዞ ይሂድ። እኔ እዚህ ያስቀመጥኩት ገንዘብ ለእንደኔ ዓይነቱ ነጋዴ የሚደርሰው በምን መንገድ ነው? መልሱን ይጻፈው፤ ከአፍጥር በኋላም ለቤተሰቡ ያንብበው። ብዙ ሰው ደጋግሞ የጠየቀውን ጥያቄ ባንክ ለረጅም ጊዜ ችላ ሊለው አይችልም። አላህ ጾማችንን ይቀበለን፤ መልካም ረመዳን።